ያልተቆጠረ ቁስል

እኛ የ2012 ዓ.ም. ገናን ውለን በተኛንበት ሌሊት፣ በምዕራብ ኢራቅ አንባር ግዛት ባለው የአል አሳድ የአየር ኃይል ሰፈር የአሜሪካ ወታደሮች በኮንክሪት ምሽግ ውስጥ ጉልበታቸውን አቅፈው ተኮራምተው ነበር። ከአምስት ቀን በፊት አሜሪካ የኢራኑን ጄኔራል ቃሲም ሱሌይማኒን ባግዳድ ላይ ገድላለች፤ ኢራን ብድሯን እንደምትመልስ ሁሉም ያውቃል። ጥቃቱ እንደማይቀር ከሰዓታት በፊት በመታወቁ ከሰፈሩ ሰውና አውሮፕላን ሲወጣ አምሽቷል። የቀሩት የተጠለሉባቸው ምሽጎች ግን ለሮኬትና ለሞርታር የተሠሩ ነበሩ። ጫፉ ላይ ከ450 ኪሎ በላይ የሚመዝን ፈንጂ የተሸከመ ባለስቲክ ሚሳኤል ይመጣባቸዋል ብሎ የገነባቸው የለም።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሚሳኤሎቹ መውረድ ጀመሩ። ድብደባው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሲነጋ አንድም የሞተ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በዚያው ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው አንድም አሜሪካዊ እንዳልተጎዳ አበሠሩ። ዕለቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 8 ቀን 2020 ነበር። ከዚህ በታች ዓ.ም. ብዬ ያላመለከትኋቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ከስምንት ቀን በኋላ 11 ወታደሮች የአንጎል መናወጥ ምልክት ስለታየባቸው ለሕክምና ወደ ጀርመንና ወደ ኩዌት መላካቸው ተነገረ። ወሩ ሳያልቅ 11 የነበረው 34 ሆነ፤ 34ቱ 50፣ 50ው ደግሞ 64 ሆኑ። በፌብሩዋሪ 109 ደረሰ፤ በመጨረሻም 110 ላይ ቆመ። ቁጥሩ ገና እየወጣ ሳለ በስዊዘርላንዷ ዳቮስ ከተማ ጋዜጠኞች ፕሬዚዳንቱን ስለ ተጎጂዎቹ ጠየቋቸው። ራስ ምታትና አንዳንድ ነገር እንደነበረባቸው ሰምቻለሁ፣ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም አሉ። እጅና እግራቸውን ያጡ ወታደሮችን አይቻለሁ፣ ይህ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም ሲሉም ጨመሩ። የቀድሞ ተዋጊዎች ማኅበር መሪ ይቅርታ እንዲጠይቁ ጠየቋቸው።

ራስ ምታት የሚለውን የራሳችንን ቃል ቀስ ብሎ ላየው ሰው ምት አለበት፤ ከ«መታ» የወጣ ነው። አያቶቻችን ይህን ሕመም ሲሰይሙ አንድ ነገር ራስን እንደሚመታ ቆጥረው ነው። ራስ ደግሞ በአማርኛ ጭንቅላት ብቻ አይደለም። ራሱን ሳተ፣ ራሱን ቻለ፣ ራሱን ገዛ፣ ራሱን ጠላ እንላለን። ሰውየውና ጭንቅላቱ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ዳቮስ ላይ እንደ ቀላል ነገር የተጠቀሰው ሕመም በእኛ ቋንቋ ሲጠራ ሰውየው ራሱ የተመታ ይመስላል። የነርቭ ሐኪሞች መቶ ዓመት ሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩትም ይኸው ነው፤ የተመታው ምኑ ነው? ጭንቅላቱ ወይስ እሱነቱ?

ወደ ቆጠራው ልመለስ። ቁጥሩ ለምን እንዲያ እየተንጠባጠበ ወጣ? አንደኛው ምክንያት የሕመሙ ጠባይ ነው፤ ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ይወጣል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ደንብ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ቃል አቀባይ በወቅቱ እንዳስረዱት፣ ጉዳት በአስቸኳይ እስከ ሚኒስትሩ ድረስ የሚዘገበው ሕይወት፣ እጅና እግር ወይም የዓይን ብርሃን ሲጠፋ ነው። አንጎል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በጦር ሠራዊት ቤት ያልተዘገበ ነገር ደግሞ እንዳልሆነ ይቆጠራል። የአንጎል ጉዳት ታሪክ የቆጠራ ታሪክም ነው የምለው ለዚህ ነው። የትኛው ቁስል ቁስል ተብሎ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ፈንጂ ሲፈነዳ በዙሪያው ያለው አየር በቅጽበት ይጨመቅና ከድምፅ ፍጥነት በላይ እየተስፋፋ ይሄዳል። ይህ የግፊት ሞገድ ግድግዳ ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል፤ በጠባብ ምሽግ ወይም በብረት ለበስ መኪና ውስጥ እየተላተመ ይደራረባል። ፍንጣሪ ያልነካውን ሰው አካል ዘልቆ ያልፋል። የብረት ቆብ ጥይትንና ፍንጣሪን ይመልሳል እንጂ የአየር ግፊትን አይመልስም። አንጎል ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ ከቅቤ ብዙም የማይጠነክር፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። በውስጡ አንዱን ሕዋስ ከሌላው የሚያገናኙ፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ ክሮች ሞልተውታል። ግፊቱ ሲያልፍ፣ ሰውየውም ተወርውሮ ሲላተም፣ እነዚህ ክሮች ይለጠጣሉ፤ አንዳንዶቹ ይበጠሳሉ።

ሲቲ ስካን የራስ ቅል ስብራትንና የፈሰሰ ደምን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የተለጠጠ ክር ግን አይታይበትም። ወታደሩ ፎቶውን ተነሥቶ «ምንም የለብህም» ይባላል። እሱ ግን ብርሃን ዓይኑን ይወጋዋል፣ ናላው ይዞራል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፣ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይረሳዋል። አብዛኛው ሰው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሰውን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ነው። የማይሻላቸው ግን አሉ። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ የተመቱት ደግሞ አደጋቸው ይብሳል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ከምሽግ ሲወጡ የሚንቀጠቀጡ፣ መናገር ያቃታቸው፣ ማየትና ማሽተት የተሳናቸው ሆነው ሐኪም ፊት ይቀርቡ ነበር። ቻርልስ ማየርስ የተባሉት ሐኪም በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚህ ጻፉ፤ «ሼል ሾክ» የሚለው ስምም ከዚያ ወዲያ ዓለምን ዞረ። የመድፍ ድንጋጤ እንደ ማለት ነው። ሌላው ሐኪም ፍሬድሪክ ሞት የሞቱ ወታደሮችን አንጎል በአጉሊ መነጽር መርምረው ጥቃቅን የደም መፍሰስ ምልክቶች አገኙ። ማየርስ ራሳቸው ግን ውሎ አድሮ ከመድፍ አጠገብ ያልነበሩ ሰዎችም በዚሁ ሕመም ሲያዙ ስላዩ ስሙን መጠራጠር ጀመሩ።

ሠራዊቱ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ የሚያስተምር ነው። የታመሙትን በሁለት ፊደል ለያቸው። ፍንዳታ አጠገቡ የወደቀበት ሰው ቁስለኛ የሚል ፊደል ይሰጠዋል፤ የቁስለኛ ምልክት በክንዱ ላይ ይሰፋለታል፣ የጡረታ መብቱም ይከበርለታል። ሌላው በሽተኛ የሚል ፊደል ይሰጠዋል፤ ምልክትም ጡረታም የለውም። ሕመሙ አንድ፣ እንቅጥቃጤው አንድ፣ ልዩነቱ መዝገቡ ላይ ነበር። በ1922 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ «ሼል ሾክ» የሚለው ስም ጨርሶ እንዲቀር ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ጦርነት በፈሪነት፣ በክዳትና በመሰል ጥፋት በራሳቸው ወገን የተረሸኑት 306 የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች ምሕረት ያገኙት በ2006 ነው። ከእነሱ ስንቱ አንጎሉ ተመትቶ ኖሯል የሚለውን ዛሬ የሚመልስ የለም፤ ማንም አልመዘገበውምና።

ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። በመንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ የሁለቱም ጦርነቶች ዋና መሣሪያ ሆነ። ሆዳቸው በሾጣጣ ብረት የተሠራ ከባድ መኪኖች፣ የተሻለ ጥሩርና ፈጣን የሄሊኮፕተር ሕክምና በቀደሙት ጦርነቶች ይሞት የነበረውን ሰው አተረፉት። የተረፈው ሰው ግን ከነአንጎሉ ጉዳት ነበር። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 ባወጣው ሰፊ ጥናት እስከዚያ ድረስ ወደ ሁለቱ አገሮች ከዘመቱት ውስጥ 320,000 ያህሉ የአንጎል ጉዳት ሳይደርስባቸው እንዳልቀረ ገመተ። የአሜሪካ መከላከያ ራሱ ከ2000 ወዲህ የመዘገባቸው ከ400,000 ይበልጣሉ። ከአሥሩ ስምንቱ ቀላል የሚባለው ዓይነት ነው፤ አብዛኛውም የደረሰው በግንባር ሳይሆን በሥልጠና፣ በመኪና አደጋ፣ በመውደቅና በስፖርት ነው።

እዚህ ላይ ከሌላው ወገን ያለውን ክርክር በቅንነት ማቅረብ አለብኝ፤ ቀላል ክርክር አይደለም። በዚያው በ2008 ቻርልስ ሆግ የተባሉ የሠራዊቱ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ከኢራቅ የተመለሱ 2,525 ወታደሮችን አጥንተው ውጤቱን በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ራሳቸውን ስተው ከነበሩት ውስጥ ወደ 44 በመቶ የሚጠጉት ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ስብራት ነበረባቸው። ጥናቱ የመንፈስ ስብራቱንና ድባቴውን በስሌት ለይቶ ሲያወጣ፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ መርሳቱም፣ ድካሙም ከአንጎል መናወጥ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ጠፋ። አንድ ምልክት ብቻ ቀረ፤ ራስ ምታት።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሐኪሞች፣ ለወታደሩ «አንጎልህ ተጎድቷል» ብሎ መንገር ራሱ ይጎዳዋል፣ ሊድን የሚችለውን ሰው ተስፋ ያስቆርጠዋል አሉ። ከልባቸው ነው የሚሉት፤ እውነትም አለው። ሆኖም ስሌቱ አንድ ነገር ይዘላል። የመንፈስ ስብራቱ የሚያድርበት ቦታ የት ነው? ያው አንጎል አይደለምን? ፍርሃትን የሚገዛው፣ ቁጣን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ተጎድቶ ከሆነ፣ መንፈስን ከአካል ለይቶ በስሌት ማውጣት አንዱን ሕመም ሁለት ስም ሰጥቶ አንደኛውን መሰረዝ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጥያቄ ከባዱ መልስ የመጣው ከሙታን ነው። ዳንኤል ፐርል የተባሉ የነርቭ ፓቶሎጂ ሐኪም፣ በዋሽንግተን አጠገብ ቤተስዳ በሚገኘው የወታደራዊ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ቤተሰብ ለምርምር የፈቀደውን የወታደሮች አንጎል ሰብስበው መረመሩ። በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ከሞታቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ፍንዳታ የደረሰባቸው አምስት ሰዎች አንጎል ውስጥ በሌላ ዓይነት የጭንቅላት አደጋ ያልተለመደ ጠባሳ አገኙ። ጠባሳው የተዘረጋው በዘፈቀደ አልነበረም። ግራጫው የአንጎል ክፍል ከነጩ በሚዋሰንበት፣ አንጎል ከፈሳሹ በሚገናኝበት፣ በደም ሥሮች ዙሪያ ነበር። የግፊት ሞገድ ከአንድ ዓይነት ነገር ወደ ሌላው ሲሻገር ጉልበቱን የሚያራግፈው በድንበር ላይ ነው፤ ጠባሳውም የተገኘው በድንበሮቹ ላይ ሆነ። አምስቱም በሕይወት ሳሉ በመንፈስ ስብራት ታክመው ነበር። ናሙናው ትንሽ ነው፤ በአምስት ሰው ዓለምን መደምደም አይቻልም። ግን ሐኪሙ ፍሬድሪክ ሞት በ1916 ሲፈልጉት የነበረውን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው በተሻለ መነጽር አየው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የሚደባለቅ ነገር ስላለ ልለየው። ናይጄሪያ የተወለዱት ሐኪም ቤኔት ኦማሉ በአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ ያገኙት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲቲኢ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከወታደሮቹ ጋር አብሮ ይነሣል። በ2022 የወጣ ጥናት የ225 ወታደሮችን አንጎል መርምሮ ይህን ሕመም ያገኘው በ10ሩ ብቻ ነው፤ አሥሩም የግጭት ስፖርት የተጫወቱ ነበሩ። የፍንዳታ ቁስል የራሱ መልክ አለው ማለት ነው። ለተጫዋቾቹ በተሰፋ ልብስ ወታደሩን ማልበስ አያስኬድም።

እስካሁን ያወራነው ጠላት ስላፈነዳው ነው። ባለፉት ዓመታት የወጣውና ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ግን ወታደሩ ራሱ ስለሚተኩሰው ነው። በ2017 የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች በሶርያ ራቃን ከአይሲስ ለማስለቀቅ በተደረገው ውጊያ አምስት ወር ውስጥ 35,000 የመድፍ ጥይት ተኮሱ። ከቬትናም ጦርነት ወዲህ ያን ያህል የተኮሰ የአሜሪካ ሻለቃ እንዳልነበረ አለቆቻቸው በኩራት ተናገሩ። ሁለት መድፎች አፈሙዛቸው ተቃጠለ። የመድፉ ብረት ያልቻለውን የመድፈኛው አንጎል እንዴት ይቻለው? ከተመለሱ በኋላ የሚሆነውን ኒው ዮርክ ታይምስ በ2023 ዘገበ፤ የሌለ ነገር የሚያዩ፣ ድምፅ የሚሰሙ፣ ቤተሰባቸውን የማይታገሡ፣ ራሳቸውን ያጠፉ። ጠላት አልተኮሰባቸውም ማለት ይቻላል። መዝገባቸው ላይ ፍንዳታ ደረሰበት የሚል ቃል አልነበረም፤ መድፍ መተኮስ ሥራ ነው እንጂ አደጋ አይደለም ተብሎ ይታሰብ ነበርና።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን ሜይን በተባለችው ግዛት ሉዊስተን ከተማ አንድ የተጠባባቂ ጦር አባል 18 ሰው ገድሎ ራሱን አጠፋ። ሰውየው ጦር ሜዳ ዘምቶ አያውቅም። ለዓመታት የእጅ ቦምብ አወራወር ሲያሠለጥን የኖረ፣ በሺህ የሚቆጠር ፍንዳታ በቅርብ ርቀት ያለፈበት ሰው ነበር። አንጎሉን የመረመረው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ በነርቭ ክሮቹ ላይ ከፍተኛ ጉዳት አገኘ። መርማሪዎቹ ድርጊቱን ያደረሰው ይህ ነው ብለው አልደመደሙም፤ እኔም አልደመድምም። የ18 ሰው ደም በአንጎል ጠባሳ አይታጠብም። ቤተሰቡ ግን ጠባዩ እየተለወጠ መሆኑን ከወራት በፊት ተናግረው ነበር። «ልጃችን እሱ አይደለም» የሚል ቤተሰብ ሲመጣ፣ ስንት ፍንዳታ አልፎበታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር ወይ?

ምንም አልተሠራም ማለት አይቻልም። በ2010 የወጣ መመሪያ ከፍንዳታ በ50 ሜትር ውስጥ የነበረ ወታደር ሁሉ፣ ደህና ነኝ ቢልም እንኳ፣ እንዲመረመርና ለ24 ሰዓት እንዲያርፍ አዘዘ። ምርመራው በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሠራ ነው፤ አምስት ቃል ይነገረዋል፣ ቆይቶ ይጠየቃል፣ የተነገረውን ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ይደግማል። ወታደሮቹ ግን ቃላቱን በቃላቸው እያጠኑ ያልፉት ነበር። ወታደር ጓዶቹን ጥሎ ወደ ኋላ መቅረትን ከሞት የሚቆጥር ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረታችን ለዚህ ወታደር ትንሽ ይከብደዋል፤ የደበቀው በሽታውን ጠልቶ ሳይሆን ጓዱን ወዶ ነውና። ስለዚህ ምርመራው በልዩ ልዩ ዓይነት እንዲዘጋጅ ተደረገ።

በኦገስት 2024 ደግሞ ፔንታጎን የራሱን መሣሪያዎች የሚመለከት መመሪያ አወጣ። አንድ ሰው ላይ የሚያርፍ የፍንዳታ ግፊት በካሬ ኢንች 4 ፓውንድ ሲደርስ ጥንቃቄ እንዲጀመር፣ ሥልጠና ላይ የማያስፈልገው ሰው ወደ ኋላ እንዲርቅ፣ አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ የአእምሮ ብቃቱ አስቀድሞ ተለክቶ እንዲመዘገብ አዘዘ። የመጨረሻውን ትእዛዝ ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ጤነኛ ሳለ ያልተለካ ሰው ሲታመም ከምን ጋር ይነጻጸራል? ቁጥሯን በተመለከተ ግን ጥርጣሬ አለኝ። 4 የተመረጠችው በዋናነት ጆሮ ከሚጎዳበት ልክ በመነሣት ነው፤ አንጎል የራሱ ልክ ገና አልተገኘለትም። ከዚያ በታች ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ግፊት ምን ያደርጋል ለሚለው መመሪያው መልስ የለውም።

የአል አሳዶቹስ? በ2020 ከ110ሩ 29ኙ ፐርፕል ሃርት ተሸለሙ። ይህ በጠላት እጅ ለቆሰለ ወታደር የሚሰጥ ሜዳይ ነው። ሜዳዩ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሕክምና ቅድሚያ፣ የጡረታና የትምህርት ጥቅም ይከተለዋል፤ የእንግሊዞቹ የክንድ ምልክት ወንድም ነው። የቀሩት ማመልከቻቸው ውድቅ ሆነ፣ ወይም ጭራሽ አልቀረበም። ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጉዳዩን ካወጣው በኋላ፣ በዲሴምበር 2021 ሠራዊቱ ለተጨማሪ 39 ወታደሮች ፈቀደ። በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ በሁለት ዓመት መሐል አዲስ ነገር አልተከሰተም። የተለወጠው ጋዜጠኛ መጠየቁ ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ዮርዳኖስ ውስጥ ባለው ታወር 22 በተባለው ሰፈር ላይ ድሮን ወድቆ ሦስት ወታደሮች ሲሞቱ ከ40 በላይ የሚሆኑ ቆስለዋል፤ ያን ጊዜ የአንጎል ጉዳት መኖሩ ገና ከመጀመሪያው ተነገረ። ከአራት ዓመት በፊት እንዲያ ቢደረግ ኖሮ ብዙ ሰው «የለብህም» ከመባል በዳነ ነበር።

ይህ ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የአሜሪካ ጦር በ2009 ቋንቋ ለሚችሉ የውጭ ተወላጆች ዜግነት ሊሰጥ በሩን ሲከፍት አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ በዚያ በርና በሌላም በር ገብተው ደንብ ልብስ የለበሱ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ልጆች እንደማንኛውም ወጣት ይዘምታሉ፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በጋዛ በተካሄደው ጦርነትም ተሰልፈዋል፣ ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶችም አሉ። የመከላከያ ሠራዊቱም ሆነ የቀድሞ ታጣቂዎቻችን ደግሞ ከሁሉ ይቀርቡናል።

በሰሜኑ ጦርነት ሁለት ዓመት ሙሉ ታንክ፣ ከባድ መድፍ፣ ሮኬትና ድሮን ሲያጓራ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዷል። በሌሎች አካባቢዎች ተኩሱ ገና አልቆመም። በየትኛውም ወገን ይሰለፍ፣ ከመድፍ ኋላ የቆመ ልጅ፣ ታንክ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ፣ ምሽጉ ላይ ሞርታር የወደቀበት ልጅ ያው አንድ ዓይነት አንጎል ነው ያለው። እግሩን ያጣው ክራንች ይሰጠዋል፤ ይገባዋልም። ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ የሚሄደው፣ የልጁን ስም የሚረሳው፣ በሠርግ ርችት መሬት ላይ የሚወድቀው፣ ሌሊት ቤቱን የሚዞረው ግን ምን ተብሎ ይመዘገባል?

እንዴት እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ጠባዩ ተበላሸ»፣ «መጠጥ ያዘ»፣ «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «መንፈስ አለበት»። ሚስት ትሸሻለች፤ አባት አንገቱን ይደፋል። ጠበል ወስዶ ማስጠመቅ የእምነት ነገር ነውና የማንንም እምነት አልነካም፤ ጠበል ቦታ የሚያገኘው ዕረፍትና ከመጠጥ መራቅ እንኳ ለተመታ አንጎል ይጠቅመዋል። የምለምነው ከጠበሉ ጎን ሐኪም እንዳይቀር ነው። አገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ራሷ ማሠልጠን የጀመረችው በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለሙያው ትንሽ ነው፤ ኤምአርአይ ያለው ሆስፒታልም ከገጠሩ ሩቅ ነው። የቀላሉ ጉዳት የመጀመሪያ ምርመራ ግን ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የሚጠይቅ የሠለጠነ ጤና ባለሙያ ይበቃዋል። በተሃድሶ ማዕከል አንድ ሰው ትጥቁን ሲያስረክብ፣ ስሙ በሚጻፍበት ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር ምን ያህል ያስወጣል? ስንት ጊዜ ፍንዳታ አጠገብህ ደረሰ? ራስህን ስተህ ወይም የሆነውን ረስተህ ታውቃለህ? ምን ዓይነት ከባድ መሣሪያ ስንት ወር ተኮስህ? የኮሚሽኑ ባለሥልጣናት ይህን ጽሑፍ ካነበቡ ጥያቄዬ ይኸው ነው።

መመዝገብ ምን እንደሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ዴንማርክ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ ለ35 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2018 ወጥቶ ነበር። ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት ደርሶባቸው የታከሙ ሰዎች ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው ካልተጎዱት ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ወታደሮች ብቻ አይደሉም፤ ሰላማዊ አገር የሚኖሩ ሰላማዊ ሰዎች ናቸው። ጥናቱ የተቻለው እዚያ አገር የታከመ ሰው ሁሉ ስለሚመዘገብ ነው።

እናንተ ቤት ከግንባር የተመለሰ ሰው ካለ፣ ወንድምም ይሁን ባል ወይም የጎረቤት ልጅ፣ በእርጋታ ቁጭ በሉና ጠይቁት። የት ግንባር ነበርህ? ምን ፈነዳ? ምን ያህል ይርቅ ነበር? ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠብህ? ያላስታወሰውን አብረውት የነበሩት ያስታውሳሉና እነሱንም ጠይቁ። የነገራችሁን ከነቀኑና ከነቦታው በወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ።